የሐኪሞች ደጅ ጥናት

በዘንድሮው ዓመት ከፋሲካ በዓል በኋላ የክፍላችን ወንበሮች እየሳሱ መጡ። አንድ ሰኞ ማለዳ መምህራችን ስም ሲጠሩ ከአርባ ሁለት ተማሪዎች መካከል «አቤት» ያልነው አሥራ ዘጠኝ ብቻ ነበርን። የቀሩት ታመው አይደለም፤ ሰንፈውም አይደለም። እንዲያውም ብዙዎቹ ከክፍሉ ጎበዞች የሚቆጠሩና ሐኪም ለመሆን የሚመኙ ናቸው። ከትምህርት የቀሩት ለማጥናት ነበር። ነገሩ እንቆቅልሽ ይመስላል፤ ተማሪው ለትምህርት ሲል ከትምህርት ቤት ይቀራልና። መምህራችን መዝገቡን ዘግተው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ ክፍሉ ሙሉ እንደ ሆነ አድርገው ማስተማራቸውን ቀጠሉ።

የዚያን ዕለት ማታ በመኝታ ቤታችን ብርቱ ክርክር ተነሣ። አንደኛው ወገን «መጽሐፉ አልቋል፤ የቀረን መከለስ ብቻ ነው፤ በጫጫታ መካከል ስድስት ሰዓት ከመቀመጥ በጸጥታ ሦስት ሰዓት ማንበብ ይሻላል» አለ። ሁለተኛው ወገን «መምህሩን ጥሎ የሄደ ተማሪ እረኛውን ጥሎ እንደ ሄደ በግ ነው» ብሎ መለሰ። እኔ በክርክሩ ብዙ አልተናገርሁም። ምክንያቱም እኔ ራሴ ከአንድ ወር በፊት ፈቃድ ጠይቄ ሁለት ሳምንት ከክፍል ቀርቼ ነበርና ነው። የዚያን ፍሬ በመጨረሻ እናገራለሁ። የዚህ የበዓል መጽሔት አዘጋጆች የታሪክ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ ክርክሩ ገና ከልቤ አልወጣም ነበር። ስለዚህ ከእኛ በፊት ወደ ሕክምና ትምህርት ለመግባት የተዘጋጁ ሰዎች የመዘጋጃቸውን ጊዜ በምን እንዳሳለፉት መርምሬ ለመጻፍ ቈረጥሁ። ዓመተ ምሕረት ብዬ ካልገለጽሁ በቀር ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አባቶቻችን «ደጅ መጥናት» የሚሉት ነገር ነበራቸው። ሹመት ወይም ርስት ወይም ፍርድ የሚፈልግ ሰው ከጌታው ደጅ እየዋለ ወራትና ዓመታት ይጠብቅ ነበር። ነገር ግን ብልህ ደጅ ጠኚ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ይላላካል፤ በጉዞ ይከተላል፤ የጌታውን ጠባይና የቤቱን ሥርዓት ያውቃል። በሩ በተከፈተለት ቀን እንግዳ ሳይሆን የቤቱ ሰው ሆኖ ይገኛል። ደጅ መጥናትና ትምህርት ማጥናት በአንድ ቃል መጠራታቸው እንዲያው በከንቱ አይመስለኝም።

የሕክምና በር ከጥንት ጀምሮ ደጅ የሚያስጠና ነበር። ንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ 2ኛ በ1231 ለሲሲልያ መንግሥቱ ባወጣው ሕግ፣ በሳሌርኖ መምህራን ፊት ያልተፈተነ ሰው እንዳያክም ከለከለ። ቆይቶ በተጨመረው ሕግም፣ ሕክምና ለመማር የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ሦስት ዓመት የሎጂክ ትምህርት እንዲማር፣ ከዚያ አምስት ዓመት ሕክምና እንዲያጠና፣ በመጨረሻም አንድ ዓመት ልምድ ካለው ሐኪም ሥር እንዲሠራ ታዘዘ። ከዚህ ሕግ እንደምንረዳው፣ በዚያ ዘመን የነበሩ ሰዎች ሐኪም በጥድፊያ እንደማይሠራና ከመጽሐፍ ብቻ እንደማይወጣ ያውቁ ነበር።

አሁን ወደ አንድ ድኻ ልጅ ታሪክ ልለፍ። ዴቪድ ሊቪንግስቶን በ1813 በስኮትላንድ አገር ብላንታየር በምትባል መንደር ተወለደ። ቤተ ሰቡ ችግረኞች ስለ ነበሩ ገና በ10 ዓመቱ ከጥጥ ፋብሪካ ገብቶ የተበጠሰ ክር የሚቀጥል ሠራተኛ ሆነ። ሥራው ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ማታው 2 ሰዓት ነበር። ከዚያ በኋላ ደግሞ የማታ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ከመጀመሪያ ደመወዙ በከፊሉ የላቲን ሰዋስው መጽሐፍ ገዛበት። በፋብሪካው ውስጥም መጽሐፉን በመፍተያው መኪና ላይ ዘርግቶ ያስቀምጥና ወዲያና ወዲህ ሲል በአጠገቡ ባለፈ ቁጥር አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ይለቅም ነበር።

ሊቪንግስቶን አድጎ ፈታይ ከሆነና ደመወዙ ከተሻሻለ በኋላ፣ በ1836 በግላስጎው ከተማ ከሚገኘው የአንደርሰን ኮሌጅ ገብቶ ሕክምና መማር ጀመረ። የትምህርቱ ወራት የብርዱ ወራት ነበሩ። ብርዱ አልፎ ሙቀቱ ሲመጣና ኮሌጁ ሲዘጋ ወደ ፋብሪካው ተመልሶ ክር ይፈትላል፤ በፈተለው ገንዘብም የሚመጣውን ዓመት ትምህርት ይከፍላል። እኛ ዕረፍት የምንለው ጊዜ ለእርሱ የላብ ጊዜ ነበር። በኅዳር ወር 1840 በግላስጎው የሐኪሞች ማኅበር ፊት ቀርቦ ተፈተነ። የልብንና የሳንባን ድምፅ የሚያዳምጡበት መሣሪያ በዚያን ጊዜ ገና አዲስ ነበርና፣ ስለ እርሱ አጠቃቀም ከፈታኞቹ ጋር ስላልተስማማ ፈተናው ከተለመደው ይልቅ ረዘመበት። ቢሆንም አለፈና የሐኪምነት ፈቃድ ተቀበለ። ፋብሪካ የሚሠራ ልጅ በሊቃውንት ፊት ቆሞ «እኔ እንዲህ ይመስለኛል» ለማለት የደፈረው ከየት ባገኘው ድፍረት ነው? በእኔ አስተያየት በገዛ ላቡ የገዛውን ዕውቀት የገዛ ራሱ ገንዘብ አድርጎ ስለሚያየው ነው።

ሁለተኛዋ ምሳሌዬ ኤልሳቤጥ ብላክዌል ናት። በ1821 በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ ተወልዳ በ1832 ከቤተ ሰቧ ጋር ወደ አሜሪካ ተሻገረች። በ1838 አባቷ ሞተ፤ እናትና ልጆች ችግር ላይ ስለ ወደቁ እኅቶቹ ትምህርት ቤት ከፍተው ማስተማር ጀመሩ። ኋላም አንዲት በጽኑ ሕመም የምትሠቃይ ወዳጇ «የምታክመኝ ሴት ብትሆን ኖሮ ሥቃዬ በቀለለ ነበር» የሚል አሳብ ስለ ነገረቻት፣ ሐኪም ለመሆን ቈረጠች። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ የሕክምና ዲግሪ የተቀበለች አንዲት ሴት እንኳ አልነበረችም።

ኤልሳቤጥ ገንዘብም ዕውቀትም አልነበራትም። ስለዚህ በ1845 በሰሜን ካሮላይና ወደምትገኘው አሽቪል ሄዳ አስተማሪ ሆነች። የተቀጠረችበት ትምህርት ቤት አለቃ ቀድሞ ሐኪም የነበረ ቄስ ስለ ነበረ የሕክምና መጻሕፍቱን ፈቀደላት። ቀን ታስተምራለች፤ ማታ ታነባለች። በሚመጣው ዓመት ወደ ቻርለስተን ተሻግራ በዚሁ ቄስ ወንድም ቤት ተቀመጠች፤ እርሱም ስመ ጥር ሐኪም ነበረና በቤቱ ባለው የመጻሕፍት ክፍል ተጠቀመች። ለኑሮዋ የሚሆነውን ገንዘብ የምታገኘው ሙዚቃ በማስተማር ነበር።

ስለዚህ ጊዜ ራሷ ያወጋችው አንድ ነገር እጅግ ደስ ይላል። ከአስተማሪዎቹ አንዷ የሞተ ጢንዚዛ አምጥታ በሳቅ «በዚህ ጀምሪ» አለቻት። ኤልሳቤጥ ጢንዚዛውን በዛጎል ላይ አኑራ በጸጉር መቈንጠጫ ያዘችው፤ ነገር ግን በሰንጢ ለመቅደድ እጅዋ እንቢ አላት። ከብዙ ትግል በኋላ ስትሰነጥቀው በውስጡ የተገኘው ጥቂት ቢጫ ትቢያ ብቻ ነበር። ሆኖም ያን ቀን የተሸነፈው ጢንዚዛው ሳይሆን የራሷ ፍርሃት ነበር። በ1847 ወደ ፊላደልፊያ ሄዳ ከአንድ የአናቶሚ መምህር ዘንድ በግል ስትማር፣ መምህሯ አስቀድሞ የሰውን እጅ አንጓ አሳያትና የጅማቱን አሠራር ውበት አስረዳት። ከዚያ በኋላ ፍርሃቱ ወደ መደነቅ ተለወጠ። አንባቢ ሆይ፣ ልብ በል፤ ኤልሳቤጥ መደበኛ ክፍል ባይኖራትም መምህር ያልነበራት ጊዜ አልነበረም።

በዚሁ ዓመት ወደ ብዙ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ ላከች፤ እምቢታ ብቻ ተመለሰላት። አንዳንዶች የወንድ ልብስ ለብሳ እንድትማር መከሯት፤ እርሷ ግን አልተቀበለችም። በመጨረሻ በኒው ዮርክ ክፍለ አገር ጄኔቫ በምትባል ትንሽ ከተማ ያለው የሕክምና ኮሌጅ ጉዳዩን ለተማሪዎቹ አቀረበው። ተማሪዎቹም ነገሩ ቀልድ መስሏቸው በአንድ ድምፅ «ትግባ» አሉ። በቀልድ የተከፈተውን በር እርሷ በእውነት ገባችበት፤ በጥር ወር 1849ም ተመረቀች።

ከአገራችን ሰዎች ደግሞ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን እናስታውሳለን። በ1868 ዐፄ ቴዎድሮስ በሞቱ ጊዜ በመቅደላ የተገኙ ሕፃን ነበሩ። የእንግሊዝ ሹማምንት ወደ ሕንድ ወስደው አሳደጓቸው፤ በ1882ም በላሆር ከሚገኘው የሕክምና ትምህርት ቤት ተመረቁ። የሚበሉት እንጀራ ከተገኘ በኋላ ግን «በቃኝ» አላሉም። ጥቂት ዘመን ካገለገሉ በኋላ ሥራቸውን ትተው ወደ ስኮትላንድ በመሻገር ትምህርታቸውን አሻሻሉ። ሊቪንግስቶን ክር እየፈተለ በተማረበት አገር፣ የመቅደላው ልጅ እንደ ገና ተማሪ ሆነው ከወንበር ተቀመጡ። በመጨረሻም ወደ አገራቸው ተመልሰው ለዐፄ ምኒልክና ለሕዝቡ በሙያቸው አገለገሉ።

በእነዚህ ሰዎች ዘመን የሕክምናን በር የሚጠብቀው ሰው ነበር። ደጅ የሚጠናውም የሰው ደጅ ነበር፤ ከሐኪሙ ቤት ትገባለህ፣ መጽሐፉን ታነባለህ፣ እርሱም ስለ አንተ ይመሰክራል። በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። አብርሃም ፍሌክስነር የሚባል መምህር በአሜሪካና በካናዳ ያሉትን 155 የሕክምና ትምህርት ቤቶች መርምሮ በ1910 መግለጫ አወጣ። ከእነርሱ ብዙዎቹ ገንዘብ የከፈለውን ሁሉ የሚቀበሉ፣ የረባ ላቦራቶሪ እንኳ የሌላቸው መሆናቸው ታወቀ። ከዚያ ወዲህ ደካሞቹ እየተዘጉ ሄዱ፤ የቀሩትም በራቸውን አጠበቁ። ገብተው ሳይጨርሱ የሚወድቁ ተማሪዎች ስለ በዙም በ1928 ለአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች አመልካቾች የሚሰጥ አጠቃላይ የመመዘኛ ፈተና ተጀመረ። እንዲህ ሆኖ የበር ጠባቂነቱ ከሰው ወደ ወረቀት ተላለፈ።

ይህ ለውጥ መልካም ጎን አለው። ኤልሳቤጥ ብላክዌልን ከየደጁ የመለሷት ሰዎች ነበሩ እንጂ ወረቀት አልነበረም። ወረቀት ፊት አያይም፤ የባለጸጋን ልጅ ከድኻ ልጅ አይለይም። ነገር ግን ሌላ ችግር ተወለደ። በሩን የሚከፍተው አንድ ፈተና ብቻ ከሆነ ተማሪ ሁሉን ትቶ ወደ ፈተናው ብቻ ያያል።

ይህ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የታየው በጃፓን ነው። በዚያ አገር የመግቢያ ፈተና ወድቆ ለሚመጣው ዓመት ፈተና ሲል አንድ ወይም ብዙ ዓመት የሚያጠና ተማሪ «ሮኒን» ይባላል። ቃሉ ጥንታዊ ነው፤ ጌታው የሞተበት ወይም ከጌታው የተለየ የሚንከራተት ሳሙራይ ማለት ነበር። የእኛ ደጅ ጠኚ የሚጠብቀው ጌታ አለው፤ ሮኒን ግን ጌታ የሌለው ነው። ከትምህርት ቤት ወጥቷል፤ ዩኒቨርሲቲ አልገባም። ስለዚህ ለእነዚህ ተማሪዎች ብቻ የተቋቋሙ የማስጠኛ ትምህርት ቤቶች በየከተማው በዙ። ወደ ሕክምና ትምህርት መግባት እጅግ ከባድ ስለ ሆነም ደጋግመው የሚሞክሩ ብዙዎች ናቸው።

በ2018 ደግሞ አንድ አሳዛኝ ነገር ተገለጠ። በቶክዮ የሕክምና ዩኒቨርሲቲ የፈተና ውጤት በስውር ይለወጥ እንደ ነበር ታወቀ። የሴቶች ነጥብ ይቀነስ ነበር፤ ለወንዶች የሚጨመረው ነጥብም ብዙ ጊዜ ለወደቁት አይሰጥም ነበር። ከዚያ በኋላ በተደረገው ምርመራ በሌሎች የሕክምና ትምህርት ቤቶችም ተገቢ ያልሆነ ሥራ ተገኘ። እንግዲህ ወረቀቱ ፊት የማያይ ቢሆንም ወረቀቱን የያዘው እጅ ፊት ያያል። ዓመታቱን ሁሉ በመጽሐፍ ላይ አጎንብሶ ያሳለፈው ሮኒን፣ ትዕግሥቱ እንደ ጥፋት ተቈጥሮበት መቅረቱን ሳነብ ልቤ አዘነ።

ወደ ቤታችን እንመለስ። በአገራችን በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ በ1964ም በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ ከተከፈተ ወዲህ ሐኪም መሆን የብዙ ወጣት ምኞት ሆኗል። በምኞቱ ፊት የሚቆመው የመጀመሪያው በር የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። በ2015 ዓ.ም. ወደ 900,000 የሚጠጉ ተማሪዎች ፈተናውን ወስደው ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3.3 ያህል ብቻ መሆናቸው በተነገረ ጊዜ በየቤቱ የነበረውን ድንጋጤ ሁላችንም እናስታውሳለን። ከወደቁትም መካከል የተሻለ ነጥብ ላላቸው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ተዘጋጀላቸው። ስለዚህ በዘንድሮው ዓመት ወንድሞቼና እኅቶቼ ከክፍል የቀሩት በስንፍና ሳይሆን በፍርሃት መሆኑ ይገባኛል።

ይሁን እንጂ ከክፍል የተወሰደ ጊዜ ለሁሉ እኩል አይደለም። ከተማ ተቀምጦ የራሱ ክፍል ያለው ልጅ ቢቀር ያጠናል። ቤት የዋለች ልጃገረድ ግን «ዛሬ ካልሄድሽማ ውሃ ቅጂ፤ እንግዳ መጥቷልና ቡና አፍዪ» ትባላለች። የክፍላችን አንዲት ተማሪ በአንድ ሳምንት ውስጥ ወደ ክፍል የተመለሰችበት ምክንያት ይኸው ነው። «ለእኔ ትምህርት ቤቱ ማረፊያዬ ነው» ስትል ሰምቻታለሁ። ለገበሬው ልጅም እንዲሁ ነው፤ ቤት ውሎ በሬ አላይም አይልም።

አሁን የራሴን ነገር ልናዘዝ። ፈቃድ ባገኘሁ በመጀመሪያው ቀን በቀለም እርሳስ ያማረ የጥናት ፕሮግራም አዘጋጀሁ። በሦስተኛው ቀን የማነበው ከዚህ ቀደም በደንብ የማውቀውን ምዕራፍ መሆኑን አስተዋልሁ፤ የሚታወቅ ነገር ይጣፍጣልና። የምፈራውን የፊዚክስ ምዕራፍ አልነካሁትም፤ «ለምን?» የሚለኝ ሰው አልነበረም። በዘጠነኛው ቀን አንድ ጓደኛዬ ሊጠይቀኝ መጥቶ «ደም ከልብ ወጥቶ ወደ ልብ እንዴት እንደሚመለስ እስቲ አስረዳኝ» አለኝ። ያን ምዕራፍ ሦስት ጊዜ አንብቤው ነበር። ጀመርሁና ከሳንባ ስደርስ ጠፋብኝ። እርሱ ደግሞ በዚያው ሳምንት መምህራችን በጠመኔ ሥዕል ሥለው ስላስረዱት በሁለት ደቂቃ አስረዳኝ። የዚያን ቀን ጌታ የሌለው ሳሙራይ ማለት ምን እንደ ሆነ ገባኝ። በማግሥቱ ወደ ክፍል ተመለስሁ።

እንግዲህ ከታሪኩ የተማርሁት ይህ ነው። ጊዜ መውሰድ ነውር አይደለም። ሊቪንግስቶንም ኤልሳቤጥም ከእኛ ይልቅ ብዙ ዓመት ቆይተዋል፤ ኤልሳቤጥ ኮሌጅ ስትገባ 26 ዓመቷ ነበር። የዘገየ ሁሉ የጠፋ አይደለምና፣ ዘንድሮ የማይሳካለት ቢኖር ራሱን እንደ ውዳቂ አይቍጠር። ነገር ግን እነርሱ የወሰዱት ጊዜ ሰው ያለበት ጊዜ ነበር። የሚጠይቃቸው መምህር፣ የሚያስተምሯቸው ልጆች፣ የሚያሳስባቸው በሽተኛ፣ የሚጠብቃቸው ሥራ ነበረ። ብቻውን በር ዘግቶ የተቀመጠ ተማሪ ስሕተቱን የሚነግረው የለም፤ ስሕተት ደግሞ በሐኪም እጅ ሲገባ የሰው ሕይወት ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው በጥናትም እውነት ነው።

ይህን አሳብ ከጓደኞቼ ጋር ተነጋግረንበት ለዲሬክተራችን አቀረብን። እርሳቸውም አድምጠው፣ እስከ ፈተናው ድረስ ጧት በክፍል እንድንማር፣ ከሰዓት በኋላ ግን በመጻሕፍት ቤት በአራት በአራት ሆነን እንድናጠና፣ በየቀኑም አንድ መምህር ከእኛ ጋር እንዲቀመጥ ፈቀዱልን። የምፈራው የፊዚክስ ምዕራፍ አሁንም ያስፈራኛል፤ ሆኖም ስለ እርሱ የሚጠይቁኝ ሦስት ጓደኞች አሉኝ። የፈተናው ውጤት ምን እንደሚሆን እግዚአብሔር ያውቃል። ባለፈው ሰኞ ስም ሲጠራ ግን «አቤት» ያልነው ሠላሳ አንድ ነበርን።

ከእኛ በኋላ ለምትመጡ ታናናሾቻችን የምለው ጥቂት ነው። የትምህርት ቤታችንን በዓል ስናከብር የምናከብረው ግንቡንና ጣራውን ብቻ አይደለም፤ ጥቂት ወንበር ብቻ በሞላበት ማለዳ ክፍሉ ሙሉ እንደ ሆነ አድርገው ያስተማሩንን መምህራን ጭምር ነው። ደጅ ስትጠኑ ከእነርሱ ደጅ አትራቁ። ትምህርት ቤታችን ረጅም ዕድሜ ይኑረው።